የሃስኬል ስትሪም ሶኬት ላይብረሪን ኢንተርፌስ ማቅለል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃስኬል በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ከሶኬት (ሁለት ፕሮግራሞች በኔትወርክ ዳታ ከሚለዋወጡበት ጫፍ) ላይ ዳታን በስትሪም፣ ማለትም ቁራጭ በቁራጭ፣ የሚያነብና የሚጽፍ ላይብረሪ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው ቨርዥን ሁሉን ያስችላል። ችግሩም እሱው ነበር፤ ሁሉን የሚያስችል ነገር ስህተቱንም ያስችላል። ኋላ ላይ እየቀነስኩ እየቀነስኩ ጥቂት ፈንክሽኖች ብቻ ቀሩ። ከዚህ በታች ያሉት ያኔ ደጋግመው የመጡብኝ ጥያቄዎች ናቸው።

አንድ ነገር ልበል። የፈንክሽን ስሞቹን በአማርኛ ነው የጻፍኳቸው። ይህ እውነትም ይሠራል። የሃስኬል ዋናው ኮምፓይለር ጂኤችሲ ፊደላችንን እንደ ስሞል ሌተር ስለሚቆጥረው ለፈንክሽን ስም ይቀበለዋል። የታይፕ ስም ግን በካፒታል ሌተር መጀመር አለበት፤ እዚያ ላይ አሻፈረኝ ይላል። ስለዚህ ታይፖቹን እንደ ንድፍ ብቻ ውሰዷቸው።

ምኑ ነው የተወሳሰበው? ሶኬት ሶኬት ነው አይደል?

ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበት የሶኬት ኢንተርፌስ የመጣው በ1983 ከወጣው 4.2 ቢኤስዲ ዩኒክስ ነው። ለሲ ቋንቋ የተሰፋ ልብስ ነው። በሃስኬል ውስጥ ኔትወርክ የሚባለው ፓኬጅም ያንኑ ልብስ ብዙም ሳያስተካክል ያቀርባል። ሰርቨር ለማቆም አድራሻውን ማግኘት፣ ሶኬት መፍጠር፣ አማራጮቹን መሙላት፣ ከፖርት ጋር ማሰር፣ ማዳመጥ፣ ኮኔክሽን መቀበል፣ ለእያንዳንዱ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) መክፈት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ በመጨረሻም መዝጋት አለ።

እርምጃው መብዛቱ ብቻ አይደለም። ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉን ግን የሚጠብቅ የለም። አሁን የተፈጠረው ሶኬት፣ የሚያዳምጠው ሶኬት፣ የተገናኘው ሶኬት፣ የተዘጋው ሶኬት፣ አራቱም አንድ ታይፕ ናቸው። ባልተገናኘ ሶኬት ላይ ዳታ ላኩ፣ ኮምፓይለሩ ዝም ይላችኋል። በታይፕ ጥብቅነቱ በሚኩራራ ቋንቋ ውስጥ ይሄ ትንሽ ያሳፍራል።

በዚህ ላይ ስትሪሚንግ ላይብረሪው የራሱን ታይፖች ይደርባል። ጀማሪው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መማር ይጠበቅበታል።

ስትሪሚንግ ላይብረሪ ለምን አስፈለገ? ሃስኬል ራሱ ሌዚ አይደል እንዴ?

ሌዚነቱ፣ ማለትም ዋጋን እስኪፈለግ ድረስ አለማስላቱ፣ ለንጹህ ዳታ ግሩም ነው። ለሶኬት ግን አይሆንም። በሌዚ መንገድ «የሶኬቱን ይዘት በሙሉ አምጣ» ስትሉ አንድ ትልቅ ጽሑፍ የመጣ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ንባቡ የሚካሄደው ጽሑፉን በነካችሁት ቁጥር ነው። ሶኬቱ መቼ እንደሚዘጋ በእርግጠኝነት አታውቁም። ኮኔክሽኑ ቢበጠስ ደግሞ ኤክሰፕሽኑ (የስህተት ምልክቱ) የሚፈነዳው ምንም አይኦ፣ ማለትም ከውጭ ማንበብና ወደ ውጭ መጻፍ፣ የለበትም ባላችሁት ኮድ መሃል ነው።

ኦሌግ ኪሴሊዮቭ ኢተሬቲ (ዳታን ቁራጭ በቁራጭ የሚቀበል አንባቢ) የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ይህን ለማስተካከል ነው። ከዚያ የማይክል ስኖይማን ኮንዱዊት፣ የገብርኤላ ጎንዛሌዝ ፓይፕስ፣ ከዚያም አይኦ ስትሪምስና ስትሪምሊ የሚባሉት ላይብረሪዎች ተከተሉ። አሠራራቸው ቢለያይም የሚገቡት ቃል አንድ ነው። ዳታው ቁራጭ በቁራጭ ይመጣል፤ ቀጣዩ ቁራጭ የሚመጣው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ የፋይሉ ትልቀት ሜሞሪውን አያሳብጠውም።

ከዚህ የሚገኝ አንድ ስጦታ አለ። አንባቢው ሲዘገይ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቡፈር (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ይሞላል፣ ዳታውን የሚያጓጉዘው የኔትወርክ ደንብ የቲሲፒ መስኮት (ተቀባዩ አሁን ልቀበል የሚለው መጠን) ይጠባል፣ ላኪው ይቆማል። ማንም ኮድ አልጻፈለትም። በመሃል ገደብ የሌለው ኪው (ወረፋ) ካስገባችሁ ግን ስጦታውን በገዛ እጃችሁ መለሳችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ።

የቀለለው ኢንተርፌስ በመጨረሻ ምን ይመስላል?

ዋናዎቹ ሁለት ፈንክሽኖች ናቸው፦

አገልግል ፦ ቅንብር → (ምንጭ → መዳረሻ → ሥራ) → ሥራ

ተገናኝ ፦ ቅንብር → (ምንጭ → መዳረሻ → ሥራ ውጤት) → ሥራ ውጤት

ቅንብሩ የአማራጮች ስብስብ ነው፤ ምንጩ የሚመጡት ባይቶች ናቸው፤ መዳረሻው የምትልኩበት ነው፤ ሥራው ደግሞ የአይኦ ሥራ ነው። ሶኬት የሚል ቃል የትም የለም። ተጠቃሚው በመሃል ያለውን ፈንክሽን ይጽፋል፤ ሌላው የላይብረሪው ጣጣ ነው።

ድሮ እንዴት ነበር? የሚዘጋ ምንጭ ነበር፣ የማይዘጋ ምንጭ ነበር፣ የቡፈር መጠን የሚቀበል ምንጭ ነበር፣ የማይቀበል ነበር። ሁለት አማራጭ አራት ፈንክሽን ወለደ። የጊዜ ገደብ ሲጨመር ስምንት ሆኑ። ለመዳረሻውም እንዲሁ። አዲስ አማራጭ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩ በእጥፍ የሚያድግ ከሆነ አማራጩ ቦታውን አላገኘም ማለት ነው። ቦታው ቅንብሩ ውስጥ ነበር።

ምንጭና መዳረሻ ለየብቻ ለምን? ባይት ገብቶ ባይት የሚወጣበት አንድ ቧንቧ አይሻልም?

ያምራል፤ አልክድም። ለኤኮ ሰርቨር (የተላከለትን ያንኑ መልሶ ለሚልክ) ቧንቧው ባዶ ስለሚሆን ምሳሌው አንድ መስመር ይሆናል፤ ለማሳየት የሚያክለው የለም። እኔም መጀመሪያ በእሱ ተታልዬ ነበር።

የቻት ሰርቨር ስትጽፉ ይፈርሳል። በአንድ ቧንቧ ውስጥ የገባውን እየጠበቃችሁ ሳለ መጻፍ አትችሉም። አንዱ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ሌላው ደግሞ ለእሱ መልእክት ላከ። ቧንቧው ግን ዝምተኛው እስኪናገር ድረስ ንባብ ላይ ቆሟል። ቲሲፒ ከመጀመሪያውም ሁለት አቅጣጫ ያለው መንገድ ነው፤ ወደ አንድ ማጠፍ ማቅለል ሳይሆን መዋሸት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ እንሰጣለን። ቧንቧ የሚፈልግ ሰው ከሁለቱ በአንድ መስመር ይሠራዋል።

ሶኬቱን ማን ይዘጋል? መቼ?

ላይብረሪው። ሁልጊዜ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። በድሮው ኢንተርፌስ መዝጋት የስትሪሙ መጨረሻ ላይ የተሰካ ነገር ነበር፤ ምንጩ ሲያልቅ ሶኬቱ ይዘጋል። ታዲያ አንድ ሰርቨር ላይ ከእያንዳንዱ ክላየንት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ አንብቤ እተወው ነበር። ምንጩ አያልቅም፤ ስለዚህ አይዘጋም። ኮኔክሽኖቹን ደግሞ ለስታቲስቲክስ ብዬ በአንድ ማፕ ውስጥ ይዣቸው ነበር፤ የማይፈለገውን ከሜሞሪ የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተርም አልደረሰባቸውም። በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ ሊከፍት የሚችለው ፋይልና ሶኬት ገደብ ብዙ ጊዜ 1024 ነው። ሰርቨሩ ለቀናት ደህና ሠርቶ አንድ ሌሊት ቁጥሩ ሞላ። ከዚያ አዲስ ኮኔክሽን መቀበሉ ራሱ «የተከፈተው ፋይል በዝቷል» እያለ መውደቅ ጀመረ። ኮዱን ስመረምረው ስህተት የሚባል መስመር አጣሁ። ኢንተርፌሱ ነበር ስህተቱ።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። ብራኬት የሚባለው የሃስኬል ፈንክሽን አለ፤ ትከፍታላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ሥራው በደህናም ይለቅ በኤክሰፕሽን መዝጊያው ይሮጣል። አገልግልና ተገናኝ ፈንክሽን የሚቀበሉት ለዚሁ ነው። የኮኔክሽኑ ዕድሜ የዚያ ፈንክሽን ዕድሜ ነው። ፈንክሽኑ ሲመለስ ኮኔክሽኑ አበቃለት።

የኮንዱዊት ሰዎችም በራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። በ2018 በወጣው 1.3 ቨርዥን ስትሪሙ ውስጥ ይሰካ የነበረውን የጽዳት ኮድ አስወግደው ሪሶርስን መያዝና መልቀቅን ከስትሪሙ ውጪ አደረጉት። ላይብረሪው ቀለለ፤ ኮዱም ለማሰብ ተመቸ።

ብራኬት ብቻውን ግን የማይሸፍናት አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አለች። ኮኔክሽኑን በተቀበላችሁበትና አዲሱ ትሬድ በሚረከብበት ቅጽበት መካከል ኤክሰፕሽን ከውጭ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሶኬቱ ባለቤት አልባ ይሆናል። መፍትሔው ርክክቡን ራሱን መጠበቅ ነው፦ ትሬዱ ካልተከፈተ ተቀባዩ ይዘጋል፣ ከተከፈተ ደግሞ የትሬዱ መጨረሻ ይዘጋል። ይህን ተጠቃሚው በየፕሮግራሙ እንዲጽፍ መጠየቅ ግፍ ነው። አንድ ጊዜ በትክክል ተጽፎ ላይብረሪው ውስጥ ይቅር።

አዘጋጉም ራሱ ጥበብ አለው። ሌላው ወገን የላከውን ሳታነቡ ብትዘጉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሪሴት (ኮኔክሽኑን በድንገት የሚያቋርጥ ምልክት) ሊልክ ይችላል። ያኔ የላካችሁት የመጨረሻ መልስ ሳይነበብ ሊጠፋ ይችላል። ኔትወርክ ፓኬጅ ውስጥ ለዚህ የተሠራ በእርጋታ የሚዘጋ ፈንክሽን አለ፤ መጀመሪያ «እኔ ጨርሻለሁ» ብሎ፣ ሌላውን ወገን በሚሊሰከንድ ለተሰጠው ጊዜ ጠብቆ፣ ከዚያ ይዘጋል። እኛም የምንጠቀመው እሱን ነው።

አንድ ጊዜ የላክሁት ለምን ሁለት ሆኖ ደረሰ?

በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ቲሲፒ መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ የላካችሁት አንድ ቁራጭ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። አንድ ጊዜ የላካችሁት ደግሞ አምስት ቦታ ተቆርጦ።

የእኛ ፊደል ይህን ቶሎ ያጋልጣል። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። «ሰላም» 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። ቁራጩ ከአራተኛው ባይት በኋላ ቢቆረጥ «ሰ» ሙሉ ሆኖ ይደርሳል፤ «ላ» ግን አንድ ባይቷ እዚህ፣ ሁለቱ ባይቶቿ ማዶ ትቀራለች። ቁራጩን ወዲያው ወደ ጽሑፍ ለመቀየር የሞከረ ኮድ ይወድቃል ወይም የተበላሸ ምልክት ያሳያል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሚፈትን ሰው ይህን ባግ ለዓመታት ሳያየው ይኖራል፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነውና።

ታዲያ ላይብረሪው ይህን ይደብቅ? እኔ አይደብቅ ባይ ነኝ። መቆራረጡ የቲሲፒ ተፈጥሮ ነው፤ የተደበቀ ዕለት ሌላ ቦታ ይፈነዳል። የሚሻለው ምንጩ «ባይቶች ናቸው፣ የተቆረጡበት ቦታ ትርጉም የለውም» ብሎ በግልጽ መናገሩ ነው። ከጎኑ ግን ሦስት አጋዦች እንሰጣለን። አንዱ በመስመር ይከፍላል። ሁለተኛው ርዝመቱ ከፊቱ በተጻፈ መልእክት ይከፍላል። ሦስተኛው ዩቲኤፍ 8ን በየቁራጩ የተረፈውን ባይት እያስታወሰ ይፈታል። ሦስቱም ከሶኬት ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ከፋይል በመጣ ስትሪም ላይም ይሠራሉ።

በመስመር የሚከፍለው ከፍተኛ ርዝመት እንዲቀበል አስገድጃለሁ። ያለ ገደብ ቢሆን አንድ ተንኮለኛ ክላየንት አዲስ መስመር ሳይጀምር ባይት እየላከ ሜሞሪያችሁን ይጨርሳል። ቋሚ ሜሞሪ ብለን የመጣንበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ባዶ ቁራጭ ምን ማለት ነው?

ከታች፣ ሶኬቱ ላይ፣ ባዶ ባይት ማንበብ ማለት «ሌላው ወገን መላኩን ጨርሷል» ማለት ነው። ከላይ፣ ስትሪሙ ላይ፣ ባዶ ቁራጭ ምንም ማለት መሆን የለበትም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ መከራ ነው። በድሮው ኮዴ አንድ ማጣሪያ ቁራጩን ባዶ ሲያደርገው ከእሱ በኋላ ያለው ኮድ ኮኔክሽኑ አለቀ ብሎ ይሄድ ነበር።

አሁን ደንቡ ቀላል ነው። ምንጩ ከሶኬቱ ባዶ ሲያገኝ ስትሪሙን ይጨርሳል፤ ባዶ ቁራጭ ከቶ አያሳልፍም። መዳረሻው ደግሞ ባዶ ቁራጭ ሲመጣለት ዘሎት ያልፋል።

ክላየንቴ ሁሉን ልኮ መልስ ሲጠብቅ ለምን ይቆማል?

ምናልባት ሰርቨሩ «አለቀ» የሚለውን እየጠበቀ ነው፤ እናንተ ደግሞ መልሱን። ሁለት ሰው በር ላይ «ቀድመው ይግቡ» እንደሚባባለው ነው። የመላኪያውን አቅጣጫ ብቻ መዝጋት ያስፈልጋል፤ የማንበቢያው ክፍት ይቆያል። ለዚህ ጨረስኩ የሚል ፈንክሽን አለ። ካቀለልኩ በኋላ መልሼ ያስገባሁት ነገር ቢኖር እሱን ነው። ሰውሬው ነበር፤ ሁለት ሰው በሳምንት ውስጥ ጠየቀኝ።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ክላየንቱ ብዙ እየላከ ምንም ካላነበበ፣ ሰርቨሩም እየመለሰ ከሆነ፣ የሁለቱም ቡፈር ይሞላና ሁለቱም መጻፍ ላይ ይደርቃሉ። በትንሽ ዳታ ሲፈተን አይታይም። መፍትሔው ማንበብና መጻፉን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው፤ ኤሲንክ በሚባለው ፓኬጅ ሁለት ሥራዎችን አብሮ የሚያስሮጥ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን የሚያቆም ፈንክሽን አለ። ምንጭና መዳረሻው የተለያዩ በመሆናቸው አንዱን ለዚህ ትሬድ፣ ሌላውን ለዚያ ትሬድ መስጠት ቀላል ነው።

ቅንብሩ ውስጥ ምን ይገባል?

ሆስት፣ ፖርት፣ የማንበቢያ ቡፈር መጠን፣ የጊዜ ገደብ። ለሁሉም መነሻ ዋጋ አለ። ተጠቃሚው መነሻውን ቅንብር ይወስዳል፤ የሚፈልገውን አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል።

የሪከርዱን (የቅንብሩን) ኮንስትራክተር፣ ማለትም በቀጥታ የሚገነባበትን ስም፣ ግን ደብቁት። ካልደበቃችሁ ነገ አንድ መስክ ስትጨምሩ ሪከርዱን በእጁ የሚሞላ ሰው ኮድ ሁሉ ይሰበራል ወይም ያስጠነቅቃል። ኮንስትራክተሩ ተደብቆ መቀየሪያ ፈንክሽኖች ብቻ ሲወጡ፣ አሥር አማራጭ ብትጨምሩ የማንም ኮድ አይነካም። ዋርፕ የሚባለው የሃስኬል ዌብ ሰርቨር ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ አማራጭ መሆን የለበትም። ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ወዲያው ስታስነሱ «አድራሻው ተይዟል» የሚለው ኤረር የሚመጣው የድሮዎቹ ኮኔክሽኖች ለተወሰነ ጊዜ በመጠበቂያ ላይ ስለሚቆዩ ነው። አድራሻውን መልሶ የመጠቀም አማራጭ ለሰርቨር ሁልጊዜ ይከፈት፤ ማንም አይጠየቅበት። በዊንዶውስ ላይ የድሮዎቹ የኔትወርክ ፓኬጅ ቨርዥኖች ሶኬቶችን የሚያሰናዳ ፈንክሽን እንዲጠራ ይጠይቁ ነበር፤ ለእነሱ ሲባል እሱም በላይብረሪው ይጠራ።

አድራሻ ፍለጋም እዚሁ ይገባል። አንድ ስም ብዙ አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ የአይፒ ቨርዥን 6 እና የቨርዥን 4። በየምሳሌው የማየው ኮድ የዝርዝሩን መጀመሪያ ብቻ ይወስዳል። ሰርቨሩ በ4 ብቻ እያዳመጠ ስሙ መጀመሪያ 6ን ከሰጠ ክላየንቱ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ተገናኝ አንዱ ሲከሽፍ ቀጣዩን ይሞክራል። ሁሉም ሲከሽፉ ነው የሚጮኸው።

በየትኛው ሞናድ ይሠራል? ለማንኛውም እንዲሆን ቢደረግስ?

ሞናድ ማለት በሃስኬል ሥራዎች ተራ በተራ የሚያያዙበት ማዕቀፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆጣኛል። የአገልግል ፈንክሽን የሚሠራው በአይኦ ነው። በቃ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ትሬድ ይከፍታል። ተጠቃሚው ስቴት ሞናድ (የሚቀያየር ዋጋ ይዞ የሚሄድ) ይዞ ቢመጣና ሁለት ትሬድ ብንከፍትለት፣ ሁለቱ የየራሳቸውን ስቴት ይቀይራሉ። መጨረሻ ላይ የትኛው ያሸንፋል? መልስ የለውም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ያውም ድምፅ ሳያሰሙ። ድሮ በጣም ጄኔራል የሆነ ታይፕ ሰጥቼ ይህን ፈቅጄ ነበር። ኮድ ይኮምፓይላል፣ ስቴቱ ይበናል።

አንላይፍት አይኦ የሚባለው አካሄድ መሃከለኛ መንገድ ነው። የሚነበብ ብቻ ዋጋ የሚይዘውን ሪደር ሞናድን ይቀበላል፣ ስቴት ሞናድን ደግሞ በኮምፓይለር ደረጃ ይከለክላል። ለዚያ የሚሆን ስስ መሸፈኛ በሌላ ሞጁል አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን አይኦ ብቻ ነው ያለው። የጀማሪው የኤረር መልእክት ከግማሽ ገጽ ወደ ሦስት መስመር የወረደው በዚህ ነው።

ኦፕሬተሮቹስ?

የራሳችንን አንጨምርም። የስትሪሚንግ ላይብረሪው ያለው ይበቃል።

ስህተት ሲፈጠር ኤክሰፕሽን ነው ወይስ ዋጋ ሆኖ ይመለሳል?

ኤክሰፕሽን። ኮኔክሽን በማንኛውም ቅጽበት ሊበጠስ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ንባብና ጽሕፈት ላይ ውጤት ማረጋገጥ ኮዱን ያደክማል። የአንድ ኮኔክሽን ኤክሰፕሽን ግን ያንኑ ኮኔክሽን ብቻ ይገድላል፤ ሰርቨሩ ይቀጥላል። ሌላው ወገን በዘጋው ሶኬት ላይ መጻፍ ፕሮግራሙን ይገድለዋል ብለው የሚፈሩ አሉ። በሲ እውነት ነው፤ ሲግፓይፕ የሚባለው ሲግናል ይመጣል። የጂኤችሲ ራንታይም ግን ሲግናሉን ችላ ስለሚለው ወደ እናንተ የሚደርሰው ተራ ኤክሰፕሽን ነው።

አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። አዲስ ኮኔክሽን መቀበል ራሱ በፋይል ገደብ ምክንያት ሲከሽፍ ሉፑ መሞት የለበትም፣ ያለ ዕረፍትም መሽከርከር የለበትም። ትንሽ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል።

ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ትሬድ መክፈት አይከብድም?

በሃስኬል አይከብድም። የጂኤችሲ ትሬድ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትሬድ አይደለም፤ ሲጀምር ስታኩ 1 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ሲያስፈልገው ያድጋል። ንባብ ላይ የቆመ ትሬድ የሚጠብቀው በራንታይሙ በኩል ነው፤ በሊኑክስ ኢፖል፣ በማክ ደግሞ ኬኪው ያነቃዋል። እናንተ ተራ ብሎክ የሚያደርግ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ከስር የሚካሄደው ግን ብሎክ የማያደርገው ነው። ኮልባክ አያስፈልግም። ኢንተርፌሱን ይህን ያህል ማቅለል የተቻለው ራንታይሙ ይህን ስለሚሸከም ነው።

ፍጥነት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ ጥቃቅን ቁራጮችን አንድ በአንድ መላክ። እያንዳንዱ መላክ የሲስተም ጥሪ ነው። ብዙ ቁራጭ ካለ ሰብስባችሁ በአንድ ጥሪ ላኩ።

ቲኤልኤስ ስፈልግ ኮዴን ልቀይር?

አይ። ፈንክሽናችሁ የሚያውቀው ምንጭና መዳረሻ ብቻ ነው፤ ባይቶቹ ከስር ይመሰጠሩ አይመሰጠሩ አይታየውም። የምትቀይሩት አገልግልን ነው፣ በቲኤልኤስ አገልግል በሚለው። በአንድ ማሽን ውስጥ ብቻ ለሚሠራው የዩኒክስ ሶኬትም እንዲሁ። ሶኬቱን ከታይፑ ያስወጣንበት ትርፍ እዚህ ጋ ነው የሚከፈለው። ድሮ ሶኬቱን በቀጥታ የሚቀበል ፈንክሽን የጻፈ ሰው ቲኤልኤስ ለመጨመር ፕሮግራሙን ግማሽ ያፈርስ ነበር።

ያለ ኔትወርክ መፈተን ይቻላል?

ይቻላል። ምንጩን ከሊስት ሥሩ፣ መዳረሻው ሊስት ውስጥ ይሰብስብ። ሊስቱን ደግሞ ሆን ብላችሁ በአንድ በአንድ ባይት ቆራርጡት፤ የቁራጭ ባግ ካለ በመጀመሪያው ሙከራ ብቅ ይላል። በእውነተኛ ሶኬት መፈተን ከፈለጋችሁ ፖርቱን 0 በሉት፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያልተያዘ ፖርት ይመርጥላችኋል። ለዚህ ብሎ ሰርቨሩ ሲነሣ የተሰጠውን ፖርት የሚነግር አማራጭ ቅንብሩ ውስጥ አለ።

ሶኬቱን ራሱን የግድ ብፈልግስ?

ውስጣዊ የሚል ሞጁል አለ፤ ሁሉም እዚያ ወጥቷል። ለምሳሌ ጥቃቅን ቁራጮችን አጠራቅሞ የሚልከውን የናግልን አልጎሪዝም ለማጥፋት ሶኬቱን መንካት ያስፈልጋል። ውሉ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሞጁል ሳያስጠነቅቅ ሊቀየር ይችላል።

የድሮውን ኢንተርፌስ የሚጠቀሙ ሰዎች ምን ይሁኑ?

በአንድ ሌሊት አልሰረዝኩባቸውም። የሃስኬል ፓኬጆች የሚከተሉት የቨርዥን ደንብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሲቀየሩ ብቻ ነባር ኮድ እንዲሰበር ይፈቅዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር አዲሶቹን ፈንክሽኖች ጨመርኩ፤ የድሮዎቹ በአዲሶቹ ወይም በውስጣዊው ሞጁል ላይ ተጻፉ። በሁለተኛው ዙር የድሮዎቹ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት አደረግኩ። ኮምፓይለሩ «ይህ ሊወገድ ነው፣ በምትኩ ይህን ተጠቀም» ይላል። «በምትኩ» የሚለውን ክፍል አትርሱት፤ እሱ የሌለበት ማስጠንቀቂያ ሰውን ከማናደድ በቀር ፋይዳ የለውም። በሦስተኛው ዙር ቁጥሩን ከፍ አድርጌ አስወገድኳቸው።

አንድ የተሳሳትኩት ነገር አለ። የአንዱን ፈንክሽን ስም ሳልቀይር ባህሪውን ቀየርኩ፤ ድሮ ሶኬቱን የማይዘጋው አሁን እንዲዘጋ። ታይፑ ያው ስለሆነ ኮምፓይለሩ ለማንም ምንም አላለም። ሰዎች ያወቁት ፕሮግራማቸው ሲሮጥ ነው። ባህሪ ሲቀየር ስም ይቀየር፤ የኮምፓይል ኤረር ያኔ ጓደኛ ነው።

ዩዲፒንስ ለምን አይደግፍም?

ዩዲፒ (ከቲሲፒ ሌላ የሆነው የኔትወርክ ደንብ) ስትሪም አይደለም። እዚያ እያንዳንዱ ፓኬት የራሱ ወሰን አለው፣ ሊጠፋ ይችላል፣ ቅደም ተከተሉም ሊዛባ ይችላል። በባይት ምንጭ ውስጥ ብናስገባው ወሰኑን እናጠፋለን፤ ለቲሲፒ «ወሰን የለም» ብለን ስንምል ቆይተን ለዩዲፒ ያለውን ወሰን መሰረዝ ይሆናል። ሌላ ታይፕ ያስፈልገዋል፣ ሌላ ሞጁልም። እስካሁን አልጻፍኩትም።